ልጁ ራሱን ያጠፋበት ወላጅ ሐዘንና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በወንጌላውያን ቀብር ላይ ተገኝታችሁ ከሆነ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። መዘምራን ይዘምራሉ፣ የእግዚአብሔር ቃል ይነገራል፣ የሟቹም የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ መቼ እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረ፣ ጌታን መቼ እንደ ተቀበለ። በመጨረሻም «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ወደሚወደው ጌታ ሄዷል» ተብሎ ወረቀቱ ይታጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ይህች የመጨረሻዋ መስመር «በድንገት» በሚል አንድ ቃል ብቻ ትታለፋለች። ከተሰበሰበው ሕዝብ ግማሹ ምክንያቱን ያውቃል፣ ግማሹ ይጠረጥራል፤ ከፊት የተቀመጡት አባትና እናት ግን አንገታቸውን ደፍተዋል። ልጃቸው ራሱን አጥፍቷል።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ወላጆች ነው። በአዳማ፣ እንዲሁም ከቢሾፍቱና ከሞጆ አንሥቶ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምናገለግል ሰዎች እንዲህ ያለ ልቅሶ ሲያጋጥመን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይጠፋናል። ሐዘኑ ከሌላው ሐዘን በምን እንደሚለይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ምን እንደሚያስተምር፣ ወላጆች ሳይሰለቹ የሚጠይቋቸውን ሁለት ጥያቄዎች እንዴት እንደምንመልስ፣ እኛስ ምን ማድረግ እንደሚገባን ለማቅረብ እሞክራለሁ። ከአገልግሎት የማውቃቸውን ቤተሰቦች ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አልጽፍም።

ሁኔታው ምን ይመስላል?

የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል። ከእነዚህ ከመቶ 73 የሚሆኑት የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑ ወጣቶች መካከል ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚለው አባባል እውነትነት የለውም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከተጠየቁት ከመቶ 3.2 የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ነበር። 300 አዋቂዎች በሚሰበሰቡበት አጥቢያ ይህን ቁጥር ብናሰላው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰው ይሆናል። እሁድ እሁድ አጠገባችን ቆሞ ሃሌ ሉያ የሚል ሰው ማለት ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን ሰው አይቀጣም። ይህን የምጽፈው አንዳንድ ቤተሰብ ልጁ ሲተርፍ «ይታሰርብናል» በሚል ፍርሃት ሐኪም ቤት ሳይወስደው ስለሚቀር ነው።

ሐዘኑ ከሌላው በምን ይለያል?

የአገራችን ልቅሶ ትልቅ ጥበብ አለው። ድንኳን ይጣላል፣ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ደግሞ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናት ትናገራለች፤ መቼ እንዳመመው፣ የትኛው ሆስፒታል እንደ ተኛ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ በመጨረሻዋ ሌሊት ምን እንደ ጠየቃት። ሌላ ሰው ይገባል፣ እንደ ገና ትናገራለች። በሦስት ቀን ውስጥ ይህንኑ ታሪክ መቶ ጊዜ ትናገረዋለች፤ በመናገሯም ልቧ የሆነውን ነገር ቀስ በቀስ ይቀበላል። በሌላ አገር ሰዎች ለባለሙያ ከፍለው የሚያገኙትን አገልግሎት የእኛ ሕዝብ በንፍሮና በቡና ሲሰጥ ኖሯል።

ልጇ ራሱን ያጠፋባት እናት ግን ይህ አገልግሎት የላትም። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሏት ዝም ትላለች፣ አለዚያም ቤተሰቡ ተማክሮ የሰጣትን መልስ ትደግማለች። ሰው እንዳይሰማ የምትጠብቀው ነገር ስላለ ልቧን ከፍታ ማልቀስ እንኳ አትችልም። ገና ድንኳኑ ሳይጣል ፖሊስ መጥቷል፣ አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዷል፣ የቤተሰቡ ቃል ተቀብሏል። አባትየው ከድንኳኑ በር ላይ ሰው ሲቀበል ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ይሰማል። እንግዲህ ሐዘኑ ከሌላው የሚለይበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ በሕዝብ መካከል ሆኖ የብቻ ሐዘን መሆኑ።

ሌላው «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሰው በሕመም ወይም በመኪና አደጋ ሲሞት ለሞቱ ምክንያት ይገኝለታል። እዚህ ግን ወላጅ የመጨረሻዎቹን ቀናት ደግሞ ደጋግሞ ይመረምራል። ማክሰኞ ዕለት ራት አልበላም ነበር፤ ለምን አልጠየቅሁትም? ስልክ ደውሎ ነበር፤ ለምን አላነሣሁም? ሌሊት ሁሉ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል።

ቁጣም አለ። ወላጅ በሞተ ልጁ ላይ ይቆጣል፣ ከዚያም በመቆጣቱ ራሱን ይረግማል። ለዓመታት ሲሠቃይ የኖረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ እፎይታ የሚመስል ስሜት ይመጣል፤ ስለዚህ ስሜት የሚያፍሩትን ያህል ስለ ሌላ ነገር የሚያፍሩ ወላጆችን አላየሁም። ይህን የምታነቡ ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ የተሰማችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። እፎይ ያላችሁት ልጃችሁ ስለ ሞተ ሳይሆን ሥቃዩ ስላበቃ ነው።

ባልና ሚስትም አንድ ዓይነት ሐዘን አያዝኑም። እርሷ ፎቶውን ታቅፋ ትውላለች፣ እርሱ ፎቶውን ከግድግዳ ያወርደዋል። እርሷ መናገር ትፈልጋለች፣ እርሱ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ይመለሳል። እርሷ «ግድ የለውም» ትላለች፣ እርሱም «ታቆስለኛለች» ይላል። ሁለቱም ልጃቸውን የወደዱት በአንድ ልክ ሊሆን ይችላል።

ዳዊት በበሩ ሰገነት ላይ

መጽሐፍ ቅዱስ በሐፍረት ስለ ሞተ ልጅ ያለቀሰ አባት ያሳየናል። አቤሴሎም ራሱን አላጠፋም፤ የሞተው በኢዮአብና በጎልማሶቹ እጅ ነው። ሆኖም ሞቱ ክብር ያለው ሞት አልነበረም። በአባቱ ላይ ዐመፀ፣ አስከሬኑም በዱር ውስጥ በጉድጓድ ተጥሎ ድንጋይ ተከመረበት (2ኛ ሳሙ. 18፥17)። በዚያ ቀን «ለዚህ ማልቀስ አይገባም» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ዳዊት ግን በበሩ ላይ ወዳለው ሰገነት ወጥቶ የልጁን ስም ደጋግሞ እየጠራ አለቀሰ፤ በእርሱ ፋንታ ቢሞት እንደሚመርጥም ተናገረ (18፥33)።

ልብ በሉ፤ ዳዊት ንጹሕ አባት አልነበረም። በቤቱ ውስጥ የሆነውን በጊዜው አልዳኘም፣ አቤሴሎምንም ወደ ኢየሩሳሌም ከመለሰው በኋላ ሁለት ዓመት ፊቱን አላሳየውም (14፥28)። እውነተኛ ጥፋት የነበረበት አባት ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉ ልቅሶውን አልደበቀውም፤ «አንተ አታልቅስ» ብሎ የገሠጸው ነቢይም የለም።

የገሠጸው ኢዮአብ ነው። አገር እንዳይፈርስ ንጉሡ ወደ ሕዝቡ መውጣቱ ግድ ስለ ነበር ኢዮአብ በዚህ ትክክል ነበር። ግን ልጁን የገደለው ሰው አባቱን «በቃህ» ሲለው መስማት ይከብዳል። እኛም አገልጋዮች አንዳንድ ጊዜ የኢዮአብን ሥራ እንሠራለን። «ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም» ብለን 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13ን እንጠቅሳለን። ጳውሎስ ግን የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን እንጂ ማዘንን አይደለም። ያዕቆብ ስለ ዮሴፍ መጽናናትን እንቢ አለ (ዘፍ. 37፥35)። ጌታችን ኢየሱስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሊያስነሣው ባለው ወዳጁ መቃብር አጠገብ እንባውን አፈሰሰ (ዮሐ. 11፥35)። መዝሙር 88 ደግሞ ተጀምሮ እስኪያልቅ ጨለማ ነው፤ እንደ ሌሎቹ መዝሙራት በምስጋና አይዘጋም። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጸሎት በመጽሐፉ ውስጥ እንዲቀመጥ ፈቅዷል።

እኔም ኢዮአብ ሆኜ አውቃለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅኩ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ ወደ እንዲህ ያለ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ሮሜ 8፥28ን አንብቤ ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚሆን አብራራሁ። እናትየው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተ ልጅ አለህ?» አሉኝ። አልነበረኝም። ሌላ ምንም አላሉም። ጥቅሱ እውነት ነው፤ ዛሬም እሰብከዋለሁ። ያን ቀን ግን ያነበብኩት እርሳቸውን ለማጽናናት ሳይሆን ዝምታው ስለ ከበደኝ ነበር። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀምጠው ነበር (ኢዮ. 2፥13)። ስሕተታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው?»

የመጀመሪያው የወላጅ ጥያቄ ይህ ነው። «ያን ቀን ባልቆጣው ኖሮ»፣ «ሌላ አገር ባልልካት ኖሮ»፣ «ከዚያ ልጅ ጋር አትሄጂም ባልላት ኖሮ»።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ብዙም አይበልጡም ነበር፤ በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ ሆነ። በሁለቱ ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተማሪዎች ያሰቡትን ሳያገኙ ቀሩ። በስንቱ ቤት ቁጣ፣ ኩርፊያና ክፉ ቃል እንደ ነበረ አስቡት! አንድ የወላጅ ቁጣ ብቻውን ሰውን የሚገድል ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ ልቅሶ በሆነ ነበር። ሰው ወደዚህ ሞት የሚደርሰው በአንድ ምክንያት አይደለም። ድብርት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም፣ ሱስ፣ ዕዳ፣ የልብ ስብራት፣ ጥቃት፣ ብቸኝነት አንድ ላይ ተደራርበው ይጫኑታል። አንዳንዴም በጭንቀት ሰዓት በድንገት የተወሰነ ነገር ሆኖ ይገኛል። ያን ሰዓት ወላጅ አያየውም። ልጁ ከወላጁ ለመሰወር ብዙ ጥሯልና።

ይህን ስል «ምንም ጥፋት የለባችሁም» ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚሏቸውን ሰዎች ወላጆች አያምኗቸውም፤ የተናገሩትን ቃል ያስታውሳሉና። ክፉ ቃል ተናግራችሁ ከሆነ ለእግዚአብሔር ተናዘዙት፤ እርሱም ይቅር ይላል (1ኛ ዮሐ. 1፥9)። ይቅር የተባለላችሁ ግን የተናገራችሁት ክፉ ቃል ነው። ልጃችሁን አልገደላችሁም፤ ስላልፈጸማችሁት ግድያ ንስሐ ልትገቡ አትችሉም።

አሁን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ተለመደ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሐዘን ቤት ገብቶ «በዚህ ቤት የዘር እርግማን አለ»፣ «የሞት መንፈስ ገብቷል፣ ሌላም ሰው ይፈልጋል» የሚል አገልጋይ አይጠፋም። ወገኖቼ፣ ይህ ማጽናናት አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ብለው ሲጠይቁ ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥3)። ሕዝቅኤል 18፥20 አባት የልጁን፣ ልጅም የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጥ ይናገራል። የጠላትን ሥራ አልክድም። ነገር ግን መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚለው ዲያብሎስን ነው (ዮሐ. 8፥44)፤ በልጇ አልጋ ላይ ተኝታ የምታለቅሰውን እናት አይደለም። እንዲህ ያለ «ትንቢት» ሲነገር በቤቱ ውስጥ ያሉት ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ይሰማሉ። የሚቀጥለው እኔ ነኝ ብሎ ለሚያስብ የ14 ዓመት ልጅ ይህ ምን ያህል አደገኛ ቃል እንደ ሆነ አስቡ።

«ልጄ የት ነው?»

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሰዎች ከሄዱ በኋላ በር ላይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ነው።

በአገራችን በቀድሞው ልማድ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም ነበር። እኛ ወንጌላውያን ፍትሐት ባይኖረንም ልማዱ ግን በውስጣችን አለ፤ «ንስሐ ለመግባት ጊዜ ስላላገኘ ጠፍቷል» እንላለን። ይህ አሳብ እስቲ ይመርመር። ሰው የሚድነው በመጨረሻዋ ደቂቃ በተናዘዘው ኃጢአት ቁጥር ነው ወይስ በክርስቶስ ሥራ? በመኪና አደጋ በድንገት የሞተ አማኝ ሁሉ የመጨረሻውን ኃጢአቱን ተናዝዞ ነውን የሞተው? ጳውሎስ ከክርስቶስ ፍቅር ሊለዩን የማይችሉትን ነገሮች ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ የጠራው ሞትን ነው (ሮሜ 8፥38)፤ ከሞት ዓይነቶችም አንዱን አልለየም።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎች ይተርካል። ሳኦልና ጋሻ ጃግሬው (1ኛ ሳሙ. 31)፣ አኪጦፌል (2ኛ ሳሙ. 17፥23)፣ ዘምሪ (1ኛ ነገ. 16፥18)፣ ይሁዳም አሉ። ሳምሶንን በዚህ ውስጥ የማይቆጥሩ አሉ፤ የእርሱ ሞት በጦርነት እንደ መሞት ነው የሚለው አሳብ ለእኔም ይበልጥ ይታየኛል። አንድም ቦታ ድርጊቱ አልተመሰገነም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በኃጢአት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በሕይወታቸው ይፈረድባቸዋል። ሆኖም ለቀብራቸው ትኩረት ስጡ። አኪጦፌል በአባቱ መቃብር ተቀበረ። የሳኦልን አስከሬን የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው አምጥተው ቀበሩ፣ ሰባት ቀንም ጾሙ። ዳዊትም ስለ ቀበሩት መልእክተኛ ልኮ ባረካቸው፤ ያደረጉትንም ቸርነት ብሎ ጠራው (2ኛ ሳሙ. 2፥5)። «እንዲህ የሞተን ሰው ቤተ ክርስቲያን አትቀብርም» ለሚል ሽማግሌ ይህን ክፍል አንብቡለት።

ማርቲን ሉተር በ1532 እ.ኤ.አ. በማዕድ ላይ ሲነጋገር ራሳቸውን ያጠፉ ሁሉ በእርግጥ ተኰንነዋል የሚለውን አሳብ እንደማይቀበል ተናግሯል። በጫካ መንገድ ወንበዴ እንደ ገደለው ሰው ናቸው ብሎ መሰላቸው። ይህን ለሕዝቡ እንደ ቀላል ነገር ማስተማር ግን ሰይጣን መግቢያ እንዳያገኝበት ሲል አስጠንቅቋል። ሁለቱንም መያዝ ይገባናል። ራስን ማጥፋት የእግዚአብሔር የሆነውን ሕይወት መውሰድ ስለሆነ ኃጢአት ነው፤ የመውጫ መንገድም አይደለም። ይህም ኃጢአት ቢሆን ከክርስቶስ ደም በላይ አይደለም።

ልጁ ጌታን ያልተቀበለ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ከሆነስ? እዚህ ላይ መጋቢ ሊዋሽ አይገባውም። «በሰማይ ነው» ብሎ ማረጋገጫ መስጠት የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ «በሲኦል ነው» ማለትም እንዲሁ። በጭንቀት ሰዓት በአንድ ሰው ልብና በጌታ መካከል የሆነውን ማንም አላየም። እኔ ወላጆችን የማደርሳቸው አብርሃም ወደ ቆመበት ስፍራ ነው፤ የምድር ሁሉ ፈራጅ ቅን ፍርድን እንደሚያደርግ ወደ ታመነበት (ዘፍ. 18፥25)። ያ ፈራጅ ልጁን ከእናቱ ይልቅ የሚያውቀው ነው።

የሪክና የኬይ ዋረን ሐዘን

«እኔ በደንብ ብጸልይ ኖሮ» ለሚል ወላጅ ይህን ታሪክ እነግራለሁ። በእኛም አገር ብዙዎች ያነበቡት «ዓላማ መር ሕይወት» የተባለው መጽሐፍ ጸሐፊ ፓስተር ሪክ ዋረን፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን መሥራች ነው። ታናሽ ልጁ ማቲው ከልጅነቱ ጀምሮ በከባድ ድብርት ሲሠቃይ ኖሮ ሚያዝያ 5 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በ27 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ወላጆቹ ጸልየዋል፣ አስጸልየዋል፣ ለሐኪሞችም አሳይተውታል። አልሸሸጉትም፤ አባትየው በማግሥቱ ለምእመናኑ እውነቱን ጻፈላቸው። ከመድረክም ለአራት ወር ያህል ርቆ በሐምሌ መጨረሻ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ቤተ ክርስቲያናቸው የአእምሮ ጤናንና ቤተ ክርስቲያንን የሚመለከት ትልቅ ጉባኤ ከሌሎች ጋር አዘጋጀች።

ሚስቱ ኬይ ደግሞ አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል «አሁንስ ወደ ቀድሞው ተመለሱ» ለሚሏቸው ሰዎች በይፋ መልስ ሰጠች። የቀድሞዎቹ ሪክና ኬይ ከእንግዲህ እንደማይመለሱ፣ ሰዎች አሁን ያሉትን እንዲቀበሏቸው ነበር መልእክቷ። በእኛ አገር ዐርባው ሳይወጣ «በቃ ጠንክሩ» ይባላል። ለእንዲህ ያለ ሐዘን ዐርባ ቀን ምንም ማለት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

በመጀመሪያ ቀብሩ እንደ ማንኛውም የአማኝ ቤተሰብ ቀብር ይሁን። መዘምራን ይዘምሩ፣ መጋቢው ይገኝ። የአሟሟቱ ሁኔታ በመድረክ አይዘርዘር፤ እንዴት እንዳደረገው መናገር በተለይ ለወጣቶች አደጋ አለው። «ዐረፈ፣ ከሥቃዩ ተገላገለ» ብሎ ማስዋብም ያው አደጋ አለው፤ በዚያ ቀን በመጨረሻው ወንበር ላይ ተስፋ የቆረጠ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና። ቤተሰቡ ከፈቀደ ግን «ልጃችን ታሞ ነበር፣ ራሱን አጥፍቷል፣ እናዝናለን» ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር በእውነት ከተነገረ የእናትየዋ አፍ ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያለውን ጊዜ አስቡበት። የሕዋስ ኅብረቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይመድብ፤ ለስድስት ወር በየሳምንቱ የሚሄድ፣ የማይሰብክ፣ ቡና አፍልቶ የሚቀመጥ። አባትን ሴቶች መጠየቅ ስለማይችሉ ወንድ ሽማግሌ ለብቻው ይውሰደው። በእኛ ባህል ወንድ የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ በእግር ጉዞ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊት ሲቀመጥ አያለቅስም።

ሦስተኛ፣ ሕክምናን አትናቁ። ወንጌላውያን በአዳማ ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሜኖናይት ሚስዮናውያን በ1946 እ.ኤ.አ. በዚያን ጊዜዋ ናዝሬት ሆስፒታል ከፍተው ነበር ሥራቸውን የጀመሩት፤ የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ መነሻ እርሱ ነው። ለብዙ አባቶቻችን ወንጌል የመጣው በሐኪም ቤት በር በኩል ነው። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንዲተኛም ተወው፤ ተግሣጽ አላስቀደመም (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካቆመ፣ ለወራት ከአልጋ ካልተነሣ ወላጅ ጋር ጸልዩ፤ ጸልያችሁም ወደ ሐኪም ውሰዱት። በጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይልኳችኋል። በአዲስ አበባም የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል አለ። መድኃኒት የሚወስድን ሰው «እምነት የለህም» አትበሉት።

የቀሩትን ልጆች አትርሱ። ወላጅ በሐዘን ሲዋጥ እነርሱ ሁለት ነገር ያጣሉ፤ ወንድማቸውንና ወላጆቻቸውን። እውነቱን ለዕድሜያቸው በሚመጥን ቃል ንገሯቸው፣ ከጎረቤት አይስሙት። «አንተስ እንዲህ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ አሳቡን በልባቸው አይተክልም፤ ለመናገር በር ይከፍትላቸዋል። በቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የእርሻ ኬሚካል ሁሉ ይቆለፍበት። በባቱና በመቂ ዙሪያ አትክልት የምታመርቱ ወገኖች ይህን በተለይ አስቡበት።

ልጅህን ተከትለህ ለመሄድ ለምታስብ

ይህን የምታነበው አንተ አባት፣ ይህን የምታነቢው አንቺ እናት ምናልባት «ልጄ ወዳለበት ልሂድ» የሚል አሳብ መጥቶባችሁ ይሆናል። ይህ አሳብ በእንዲህ ያለ ሐዘን ውስጥ ለብዙዎች ይመጣል፤ ስለ መጣም እብድ ወይም ከሃዲ አልሆናችሁም። ግን ብቻችሁን አትያዙት። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለእኅት፣ ለመጋቢ፣ ለሐኪም። ዛሬ ሌሊት ብቻችሁን አትደሩ። አሳቡ ከበረታ ሳትቆዩ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በፊልጵስዩስ የወኅኒ ጠባቂው ሰይፉን በመዘዘ ጊዜ ጳውሎስ ሁላቸውም እዚያው እንዳሉ በታላቅ ድምፅ ጮኾ ነገረው (ሐዋ. 16፥28)። ያ ሰው የዳነው መጀመሪያ ብቻውን እንዳልሆነ በመስማቱ ነው፤ ስብከቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ስሙ

ሰዎች እናቲቱን ላለማስታወስ ብለው የልጁን ስም መጥራት ያቆማሉ። እርሷ ግን ረስታው አታውቅም። በበዓል ቀን፣ በልደቱ፣ እኩዮቹ ሲመረቁና ሲያገቡ፣ በሞተበትም ቀን ደውሉላት፤ ስሙን ጥሩ።

«ልጅ አለህ?» ወዳሉኝ እናት ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ልጆች ነበሩኝ። ይቅርታ ጠይቄ ስለ ልጃቸው እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው፤ ስለ አሟሟቱ ሳይሆን ስለ ልጅነቱ። ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ የአንደኛ ክፍል ደብተሩን አወጡ። ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈላ። እኔ ያን ቀን መጽሐፍ ቅዱሴን አልከፈትኩም፤ ስነሣ ግን «ፓስተር፣ ጸልይልኝ» ያሉኝ እርሳቸው ናቸው።